ለግማሽ አካል ግማሽ ዳቦ

ጨካኝ ሰው ቢያንስ ጨካኝ መሆኑን ያውቃል። የከፋው ሚዛን ይዞ የሚጨክነው ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም፣ እንቅልፍም አያጣም፤ "ለምን?" ሲሉት መልሱን ከሚዛኑ ላይ ያነብላቸዋል፣ አለቀ።

የዓሣ ማራቢያው መኖ አዳይ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ወሬም አይሆን፤ ክፉ ሰው ሞልቷል። እሱ ትክክለኛ ሰው ነበር። ትክክለኛነቱን የሚያውቅ፣ ሌላውም እንዲያውቅለት የሚፈልግ።

ማራቢያው ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው። ግራና ቀኝ የሲሚንቶ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ መሃል ለመሃል ደርቆ የማያውቅ መተላለፊያ አለ፤ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፉት ቱቦዎች ቀኑን ሙሉ ይንተከተካሉ። በሩ አጠገብ የመኖ ከረጢቶች በእንጨት ርብራብ ላይ ተከምረዋል። ከከረጢቶቹ ጎን ሚዛኑ አለ። ሚዛኑን ከእሱ በቀር የሚነካው የለም። የነካው ሰው ሲያጋጥመው ሳህኑን በመሐረብ ይወለውላል እንጂ አይቆጣም፤ መወልወሉ ከቁጣ ይብሳል። ባልደረቦቹ "ጋሽ ሚዛኑ" ይሉታል። በሹፈት የጀመሩት ነው፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ሕጉ አንድ ነው። በየገንዳው ያሉት ዓሦች ይመዘናሉ፤ ለመቶ ኪሎ ዓሣ ሦስት ኪሎ መኖ። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ጎልማሳ ይሁን ጫጩት፣ ኪሎ ለኪሎ። ማራቢያው ድሮ የሚያረባው ትልልቆቹን ብቻ ነበር፤ ሕጉም የተቆረጠው ለእነሱ ነው። በኋላ ጣት የማያህሉ የዓሣ ጫጩቶች መጥተው በጥግ ያሉት ገንዳዎች ውስጥ ሲገቡ፣ ሕጉን ልጠይቅ ያለ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ጋሽ ሚዛኑ ደግሞ የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል ባይ ነው።

"እኔ ዘንድ ዘመድ የለም፤" ይላል ጭልፋውን እያራገፈ። "ኪሎ ለኪሎ።"

ይህን ሕግ ከማራቢያው አልተማረውም። ይዞት ነው የመጣው።

ገና ጢሙ ሳይወጣ እናትና አባቱ ተከታትለው ሞቱ። ሁለት ታናናሾች ቀሩለት። አንደኛው አካሉ ከዕድሜው ቀድሞ የሚሮጥ፣ የሠፈሩ ልጆች "ግንዱ" የሚሉት ወንድም ነው። ሁለተኛዋ የግንዱን እኩሌታ የምታህል እህት ናት። ጋሽ ሚዛኑ ትምህርቱን ትቶ እህል መጋዘን ገባ፤ ከረጢት ተሸካሚ ሆነ። ይህ ይመዝገብለት። ያኔ እንኳን ሁለት ሌላ ነፍስ፣ የራሱን የሚሸከም ጎረምሳ በዚያ ሠፈር ብርቅ ነበር። አልጣላቸውም፣ አልበተናቸውም፣ ለሰው አልሰጣቸውም። በየቀኑ ዳቦ ይዞ ይገባል።

ጉዱ ያለው ከዳቦው አቆራረጥ ላይ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ባስኩል ነበር፤ ከረጢት የሚመዘንበት፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ሚዛን። ጋሽ ሚዛኑ በየወሩ ወንድሙንና እህቱን ይወስድና በከረጢትና በከረጢት መካከል ባስኩሉ ላይ ያቆማቸዋል። እሱም ይወጣል። ቤት ሲመለሱ ዳቦው በዚያ ልክ ይቆረጣል። ግንዱ ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ዳቦ። እህቱ የግንዱ ግማሽ ናት፣ ስለዚህ የግንዱ ግማሽ። ለግማሽ አካል ግማሽ ዳቦ። ጎረቤት ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፣ ግን በአድናቆት ነው። "ልጁ ፍርድ ያውቃል!" አሉ። ምግብ የሞላው ጎረቤት እንዲህ ያለ ፍርድ ደስ ይለዋል፤ ከቤቱ ቁራሽ አያስወጣውማ።

እህቱ ግን አልጠግብ አለች። የሷን ትጨርስና የግንዱን ታያለች። የወዳደቀ ፍርፋሪ በምራቋ ባራሰችው ጣቷ ትለቅማለች። "ሆዳሟ" አላት ጋሽ ሚዛኑ፤ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ። "አንቺ እኮ ሆድ ነሽ እግር የተተከለልሽ!" ስሙ ከቤት ወጥቶ ሠፈር ገባ። ውሃ ስትቀዳ "ሆዳሟ መጣች"፣ ስታልፍ "ሆዳሟ አለፈች"።

አንድ ቀን መጋዘን ወስዶ ባስኩሉ ላይ አቆማት። እንጨት የሚያህሉት እግሮቿ እነዚያው ናቸው፤ የሚዛኑ ቁጥር ግን ከፍ አለ። አላመነም፤ ደግሞ መዘናት። ከዚያ የቀሚሷን ኪስ ዳበሰ።

ድንጋይ ነው። ሁለቱም ኪስ በጠጠርና በድንጋይ ተሞልቷል።

እንግዲህ ሰው ከሆንክ እዚህ ላይ ምን ታደርጋለህ? አንዲት ፍሬ ልጅ ዳቦ እንዲጨመርላት ድንጋይ ተሸክማ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ስትመጣ ምን ትላታለህ? ጋሽ ሚዛኑ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያወጣ ባስኩሉ ላይ ደረደራቸው። "ሚዛን ታጭበረብሪያለሽ? ሌባ!" አላት፤ ተሸካሚዎቹ ሁሉ እየሰሙ። ሳቁ። አንዱ "እቺ ልጅ ነገ ዳቦውን ትታ ድንጋዩን ትበላለች" አለ፤ ደግመው ሳቁ። እሷ አላለቀሰችም። ከባስኩሉ ወረደችና ቀሚሷን አራገፈች። ብዙም ሳትቆይ ሰው ቤት በሠራተኝነት ገባች። ወጥ ቤት አጠገብ መተኛት ይሻለኛል ብላ ለግንዱ መናገሯን ጋሽ ሚዛኑ የሰማው ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ "ጋሼ" ብላ ጠርታው አታውቅም። ዓመታት ሄዱ፤ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ተለየች። ይህን ሁሉ የሚያወራለት ግንዱ ነው። አጎታቸው የተቀበሩ ዕለት ለቀስተኛውን ሁሉ አንድ በአንድ ስማ፣ እሱ ጋ ስትደርስ የነጠላዋን ጫፍ አስተካክላ አለፈችው። ልጇ "ያ ማነው?" ስትላት ሰማ፤ መልሱን አልሰማም። ሰውዬው ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም። ከዚህ ዓለም የቀረው ምኞት አንድ ነው፤ ያቺ ሴት "ጋሼ" እንድትለው። የሚያበሳጨው ደግሞ የበደላት ነገር አልታየው ማለቱ ነው። "አካፍዬ አሳደግኋት። በልክ። ምን አጎደልኩባት?" ይላል ለግንዱ። ግንዱ ዝም ይላል። ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቆጥርለታል።

እንዲህ እያለ ነው ማራቢያው ውስጥ ያሉት ጫጩቶች እርስ በርስ መበላላት የጀመሩት።

ጥግ ገንዳ ውስጥ ያሉት ትናንሾች ጅራታቸው እየተቆረጠ መጣ። ጠዋት ጠዋት ጥቂቶቹ ሆዳቸው ወደ ላይ ተገልብጦ ይንሳፈፋሉ። ገንዳ አጣቢዋ በመረብ እየለቀመች፣ "ጋሽ ሚዛኑ፣ ልጆችህ ተባሉ!" ትለዋለች። እሷ በቃላት ካልወጋችው ቀኑ የማይመሽላት ሴት ናት።

"ዘራቸው ነው፤" አለ። "ሆዳም ዘር። ትልልቆቹን እያቸው እንዴት እንደተከበሩ። ያው ኪሎ ለኪሎ ነው የሚበሉት።"

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ሪፖርት ላይ እንዳይገባበት ፈርቶ ተመራማሪ አስመጣ። የመጣችው ወጣት ሴት ናት፤ የውሃ ቦቲ ጫማ ተጫምታ፣ መስታወት ማሰሮዎቿን በብርድ ልብስ ጠቅልላ። ሥራዋ የዓሣ ትንፋሽ መለካት ነው። ዓሣን ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ታኖርና ከውሃው ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚስብ ታያለች። ሠራተኛው ወዲያው "ባለማሰሮዋ" አላት። የመጀመሪያ ቀን ጥግ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየችና ወደ መኖው መጣች።

"ጋሼ፣ የትናንሾቹን መኖ የሚያድሉት እርስዎ ነዎት?"

"ሁሉንም የማድለው እኔ ነኝ። ምነው?"

"ተርበዋል።"

"ማ? እነሱ?" ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ የተራቡ እንዳይመስልሽ። ሆዳቸው ነው ክፉ። ከትልልቆቹ ኪሎ ለኪሎ እኩል ነው የሚበሉት።"

"ችግሩ እሱ ነው እኮ።"

"እኩል መሆኑ?"

ገንዳ አጣቢዋ ከማዶ ጮኸች። "ዶክተር፣ ተይው! ይሄ ሰውዬ ፈጣሪውንም ቢያገኝ መጀመሪያ 'እስቲ ሚዛን ላይ ውጣ' ነው የሚለው!"

ባለማሰሮዋ አልሳቀችም። "ነገ ላሳይዎት" አለችው። "ራስዎ መዝነው ይስጡኝ።"

ይህቺ "ራስዎ መዝነው" የምትለው ነገር ናት የያዘችው። በሌላ ነገር አይያዝም ነበር።

አንድ ትልቅ ዓሣ መዘነ። ከጥግ ገንዳው ደግሞ ጫጩቶች እየጨለፈ መዘነ፤ ጨመረ፣ ቀነሰ፣ አንዲት ፍሬ መልሶ ወደ ገንዳው ጣለ፤ እስኪስተካከል። ይህኛው ማሰሮ አንድ ዓሣ፣ ያኛው ማሰሮ ብዙ ዓሣ፣ ክብደቱ አንድ። በጉዳዩ ላይ ሚዛኑ ምስክር ነው። ባለማሰሮዋ ሁለቱንም ማሰሮ በጥቁር ጨርቅ ሸፈነች፤ ውሃው እየገባና እየወጣ እንዲያድር ለቀቀችው። መኖ አልሰጠቻቸውም። የበላ ሆድ ሲፈጭ ትንፋሽ ይጨምራል፣ የደነገጠም እንዲሁ፤ እኔ የምፈልገው ዝም ብለው ለመኖር ብቻ የሚፈጁትን ነው አለች።

በማግስቱ ሊያይ ሲነሣ ገንዳ አጣቢዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ "አትሂድ ጋሽ ሚዛኑ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አለችው። እንደ ቀልድ ነው ያለችው።

ባለማሰሮዋ የሁለቱንም ማሰሮ ውሃ መግቢያ ዘጋች። አሁን ያላቸው ማሰሮው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። በየማሰሮው ላይ ኦክስጅኑን የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ተሰክቷል። ቁጥሩ ከሁለቱም ወገን አንድ ነበር። ከዚያ መውረድ ጀመረ። የትልቁ ቀስ፣ ቀስ። የትናንሾቹ ግን ቁልቁል ነጎደ። የትልቁ ማሰሮ ጥቂት ሲወርድ የእነሱ ከእጥፍ በላይ ወርዶ ነበር።

"ስለሚንቀዠቀዡ ነው፤" አለ ጋሽ ሚዛኑ።

የጨርቁን ጫፍ አነሣችለት። ከማሰሮው ታች አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደርስ ጸጥ ብለው ቆመዋል። ከጉንጫቸው ሥር የሚከፈትና የሚዘጋው መተንፈሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እያፈናቸው እንዳይሄድ ውሃውን መልሳ ከፈተችው።

"መሣሪያሽ ተበላሽቶ ይሆናል።"

"እንለዋውጠው" አለችና ለዋወጠችው። ያው ሆነ።

"እንዴት ነው ይሄ ነገር? ሚዛኑ አንድ ነው እኮ።"

"ሚዛኑ አንድ ነው፣ ሕይወቱ አንድ አይደለም" አለችው። ከዚያ በእጇ እያሳየች አስረዳችው። "ዓሣ ሲያድግ ትንፋሹም ያድጋል፤ ግን ከክብደቱ እኩል አይሮጥም። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ትንፋሹ እጥፍ ሳይሞላ ይቀራል። ገልብጠው ያስቡት፣ ጋሼ። ግማሽ የሆነው ዓሣ ለመኖር ብቻ ከግማሽ በላይ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ሊያድግ ነው። ትልቁ ቤቱን ሠርቶ ጨርሷል፤ ትንሹ እየኖረበት ገና እየሠራ ነው። ከዕንቁላል እንደወጡ ባሉት ሰሞን ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ትንፋሽና ክብደት እኩል እኩል ይሄዳሉ የሚሉ አሉ። እሱን ገና እየለካሁ ነው፣ አላውቅም።"

"ስለዚህ ኪሎ ለኪሎ ሲሰጣቸው..."

"ትልቁ ይወፍራል፣ ትንሹ ይራባል። የራበው ደግሞ ጎረቤቱን ይነክሳል።"

ጋሽ ሚዛኑ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። "ይሄ ዓሣ ላይ ብቻ ነው?"

"እኔ የማውቀው ዓሣ ነው። ስለ ሰው ብዬ አልምልም። ግን ልጅ ያሳደገች እናት ሁሉ የሚያድግ ልጅ ከአካሉ በላይ እንደሚበላ ታውቃለች፤ ማሰሮ አያስፈልጋትም።" ቀና ብላ አየችው። "ልጆች አሉዎት እንዴ?"

"አሳድጌያለሁ፤" አለ።

ባለማሰሮዋ ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠች፤ ሥራ አስኪያጁም ሳያነብ ፈረመ። ለጫጩቶቹ መኖው ተጨመረ፤ በቀን በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ። ሰነባብቶ ውሃው ውስጥ ያለው ግርግር በረደ። የተቆረጠው ጅራት እንደገና ወጣ። ተገልብጦ የሚንሳፈፍ ጠፋ። ጋሽ ሚዛኑ ጭልፋውን ይዞ ገንዳው ዳር ይቆማል፣ ሥራውን ይረሳል።

"አየህ፣" አለችው ገንዳ አጣቢዋ፣ "ሆዳሞቹ ጨዋ ሆኑልህ!"

እሷ ምን ታውቃለች። ቃሉ ግን እሱ ለእህቱ ያወጣላት ስም ነው። ከገንዳው ዘወር ብሎ መኖ ከረጢቶቹ ላይ ተቀመጠ፤ መቀመጥ የከለከለው እሱ ራሱ ነው። ሆዳም አልነበረችም። ፍርፋሪ ስትለቅም፣ የግንዱን እጅ ስትከተል፣ ኪሷን ድንጋይ ስትሞላ ርቧት ነው። በሚዛን ርቧት ነው።

ግንዱ ጋራዥ ይሠራል። ጋሽ ሚዛኑ ሲደርስ ከአውቶቡስ ሥር ሁለት እግር ብቻ ወጥቶ ነበር።

"የት ነው የምትሠራው?"

"ማን?" አለ እግሩ።

"እህትህ።"

"የኔ ብቻ ናት እንዴ?" ግንዱ በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ። ግንባሩ በጥቁር ዘይት ተለቅልቋል። "ዛሬ ደግሞ ምን ልትመዝናት ነው?"

ጋሽ ሚዛኑ ነገረው። ማሰሮውን፣ ቁጥሩን፣ ግማሽ ከግማሽ በላይ መሆኑን። ሲናገር ፈጠነ፤ ድምፁ ላይ እንደ ደስታ ያለ ነገር ነበረበት። የጠፋ ዕቃ ያገኘ ይመስላል።

ግንዱ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ያ ጨርቅ ከእጁ ይልቅ ቆሽሿል። "ጋሼ፣ እኔ ዓሣ ምናምን አይገባኝም። እኔ የማውቀው፣ ዳቦዬን ስበላ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር እንደነበር ነው። ለምን አዞር ነበር? እንዳላያት ነዋ። አንተ ቆረጥክ፣ እኔ ዋጥኩ። አንድ ቀን ቁራሽ ብሰጣት ምን ነበር? እጄን የያዘኝ ሰው ነበር?" ጨርቁን ወረወረው። "የምትሠራው ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። ሂድ። ግን እኔ ነኝ የነገርኩህ እንዳትል።"

ልብስ ማጠቢያው በእንፋሎት የታፈነ ነው። ትልልቅ ማሽኖች ይንጓጓሉ፤ በጋሪ ተጭኖ የሚገባ የሆስፒታል አንሶላ ጫፍ የለውም። ሴቶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሻሽ አጥብቀው ይተኩሳሉ። እህቱ ከካውያ ጠረጴዛዎቹ አንደኛው ጋ ቆማለች። ለመድረስ እግሯ ሥር ሣጥን ገልብጣ ቆማበታለች።

ሣጥኑን አየ። ከዚያ ቁመቷን አየ። አባትና እናታቸው ረጃጅሞች ነበሩ፤ ግንዱ ግንድ ነው፣ እሱም በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። እሷ ብቻ እዚያው ቀርታለች። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ ይኖረዋል ብሎ የሚጽናና ይጽናና። አንሶ የቀረ አካል ግን በይቅርታ አይረዝምም።

"ማን ሞተ?" አለችው።

"ማንም አልሞተም።"

"እንግዲያው ሥራ ላይ ነኝ።"

"አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ።"

ነገራት። ለግንዱ እንደነገረው አልወጣለትም፤ ተንተባተበ። ትልቁን ዓሣ፣ ትናንሾቹን፣ ጥቁሩን ጨርቅ፣ የወረደውን ቁጥር። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ለመስማት ካውያቸውን ገታ አደረጉ። ሲጨርስ እህቱ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ ነበር፤ ተስፋ አደረገ።

"እስቲ እኔ ልድገመው፤" አለች። "ማሰሮ ውስጥ ያለ ዓሣ ነው ተርቤ እንደነበር የነገረህ?"

"አይ... ማለት የፈለግሁት፣ ሆዳም አልነበርሽም ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ! ሆዱ የኔ አልነበረም እንዴ?" ሳቁ ቆመ። ካውያውን በተረከዙ አቆመችው። "ዓሣ እስኪነግርህ ነው የጠበቅኸው? እኔ ነግሬህ ነበር እኮ። አፍ ነበረኝ። 'ጋሼ፣ ራበኝ' ብዬሃለሁ፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ድምፅ የሌለውን ዓሣ ሰማኸው፣ እኔን ግን አልሰማኸኝም?"

"አላወቅሁም ነበር።"

"አላወቅሁም!" ብላ በሱ ድምፅ ደገመችው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አሁን ምን ላርግልህ? ደግ አደረግህ ልበልህ? ዓሣዎችህ ጠገቡ አይደል? እንኳን ጠገቡ። በል ሂድ፣ አንሶላዬ ሊቃጠል ነው። ሌላ ጊዜ ከመጣህ ደግሞ ዓሣውን ትተኸው ና።"

ዘወር ሲል አንዷ ሴት "ማነው?" ብላ ስትጠይቅ ሰማ። የዛሬውን መልስ ግን ሰማው።

"መኖ አዳይ ነው" አለች እህቱ።

ዓሣውን ትቶ መምጣት ለጋሽ ሚዛኑ ከባድ ነገር ሆነበት። ያለ ዓሣው ምን ይዞ ይሄዳል? ዓሣው ጥሩ ነበር፤ ጥፋቱን የዕውቀት ማነስ ያደርግለታል። ስንቱ ነው በዚህ የሚያመልጥ! "ያኔ አልተጠናም ነበር፣ ያኔ አይታወቅም ነበር።" የራበው ልጅ መራቡ በየትኛው ዘመን ነው ያልታወቀው? ሳይንሱ እውነት ነው፣ ባለማሰሮዋ እውነቷን ነው፤ ያን እውነት ወስዶ የልብን ድንቁርና መሸፈኛ ማድረግ ግን ሌላ ውሸት ነው። ጋሽ ሚዛኑ ይህን ቀስ በቀስ ነው ያወቀው፤ መኖ ሲያድል፣ ሲመዝን፣ ሚዛኑን ሲወለውል። አንድ ቀን ገንዳ አጣቢዋ ሚዛኑን በእርጥብ እጇ ነክታው ስትደነግጥ፣ "ተይው፣ ዕቃ ነው" አላት። ሴትዮዋ ታሟል ብላ ለሰው አወራች።

ከዚያ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደ።

የእህቱ የሥራ ጓደኛ ያን ቀን ቀርታ ነበር። የተተኮሰ አንሶላ ለማጠፍ ደግሞ ሁለት ሰው ይጠይቃል። እህቱ ብቻዋን ስትታገል ደረሰ። ቀና ብላ አየችው፤ ከላይ እስከ ታች።

"ዓሣ ይዘህ ነው?"

"አይደለም።"

"እጅህ ንጹሕ ነው?"

"ነው።"

"ያን ጫፍ ያዝ።"

ያዘ። ወጠሩት፣ ለሁለት አጠፉት፤ እሷ ወደ እሱ መጥታ ጫፎቹን ከእጁ ተቀበለችና ክምሩ ላይ ጣለችው። ሌላ ዘረጋች። ሲራራቁ ሲቀራረቡ፣ ሲራራቁ ሲቀራረቡ ብዙ አንሶላ አለፈ። ባጠገቡ ስትደርስ የሻሿ አናት ከደረቱ አይበልጥም። የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ተናገረ።

"ሰምቼሽ ነበር።"

እሷ አላቆመችም። አጠፈች።

"ራበኝ ስትዪኝ ሰምቼሽ ነበር። ሁልጊዜ እሰማሽ ነበር። ለሷ ከጨመርኩ ከኔ ይጎድላል አልኩ፤ እኔም ይርበኝ ነበር። እንቢ እንዳልልሽ ደግሞ አፈርኩ። ስለዚህ ሚዛኑ እንቢ ይበልልኝ ብዬ ወሰድኩሽ። አላወቅሁም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

እህቱ ቀርባ ጫፎቹን ከእጁ ወሰደች። ፊቷን አላዞረችም፣ አላለሰለሰችውም።

"አውቃለሁ፤" አለች።

ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለችም። "ጋሼ"ም አላለችም። ከጋሪው ላይ ሌላ አንሶላ አንሥታ ዘረጋችና ጫፉን ወረወረችለት።

"ወጥር እንጂ፣" አለችው። "ረግቧል።"